ፔናንግ ያለችው አንቲ

ሰኞ

ዛሬም ፎቶ ላከች። አሥራ አንድ! ልጄ ሊያ ማሌዥያ፣ ፔናንግ የምትባል ደሴት ላይ ነች። ጆርጅ ታውን የሚባለውን የድሮ ከተማ የግድግዳ ሥዕል እያየች ስትዞር ሳምንቷ። እሷም ሠዓሊ ናት። እዚሁ ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው ጓደኛዬ ወይንሸት "ሊያ የት ጠፋች?" ስትለኝ "ጆርጅ ታውን" አልኳት። "ታዲያ ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ እሁድ አትመጣም እንዴ?" አለችኝ። የእኛው የዲሲው ጆርጅ ታውን መስሏት ነው። ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ አልነበረም።

ፎቶዎቹ ላይ፦ ግድግዳ ላይ የተሳለ ልጅ፣ የያዘው ብስክሌት ግን እውነተኛ። የተላላጠ በር ላይ የተሳለች ድመት። ላብ በላብ የሆነች ሊያ። አራቱ ላይ ግን አንዲት ሴትዮ አለች፣ መንገድ ዳር ጋሪ ላይ የሩዝ ፓስታ የምትጠብስ። ሊያ "አንቲ" ትላታለች፣ አክስቴ እንደማለት። እዚያ አገር ምግብ ሻጩ ሁሉ አንቲና አንክል ነው አሉ። ይሁን።

ማክሰኞ

ጠዋት ሥራ ልወጣ ስል ደወለች። እዚያ መሽቷል።

"ማሚ፣ እዚህ ሰላምታቸው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? 'በልተሻል?' ነው የሚሉሽ። አንቲ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። ኢዝንት ዛት ቢዩቲፉል?"

ቢዩቲፉል! ዕድሜዋን ሙሉ "በላሽ?" ባልኳት ቁጥር ዓይኗን ጣሪያ ላይ ስትሰቅል የኖረች ልጅ። "ማሚ ፕሊስ፣ ስቶፕ" ስትለኝ የኖረች። አንቲ ስትላት ግን ያምራል።

ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ ያገኘሁትን መኪና ሁሉ እየተሳደብኩ አሌክሳንድሪያ ደረስኩ። የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ጥርሱን ሊነቀል የመጣን ሰው ሳይቀር ፊት ነሳሁት።

ረቡዕ

ቪዲዮ። ሊያ ሽርጥ አስራ ከአንቲ ጎን ቆማ የባሕር ሽሪምፕ ትልጣለች። እኔ ስንት ጊዜ "ነይ እስቲ ሽንኩርት ላጪልኝ" ብያታለሁ? "ሆምወርክ አለኝ" ነበር መልሷ። ኮሌጅ ጨርሳም ሆምወርክ ነበረባት።

ቅዳሜ መመለስ ነበረባት። አሁን አንድ ሳምንት ልጨምር ትላለች። ከጋሪው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ አንቲን ልትስላት ነው፣ የግድግዳው ባለቤትም ፈቅዷል። እኔን አንድ ቀን ስላኝ አታውቅም።

ቅናት ነው። ይኸው ጻፍኩት። አይቻት በማላውቅ፣ እሳት ዳር ቆማ በምትውል ሴትዮ ቀናሁ። ልጄን የወሰደችብኝ መሰለኝ።

ሐሙስ

ሻንጣዋ ውስጥ በግድ የከተትኩትን በርበሬ አግኝታዋለች። "አሠራሩን ንገሪኝ፣ ነገ ለአንቲ ምስር ወጥ ልሠራላት ነው" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠበቅኩት! ደስ ሊለኝ ሲገባ የሰማሁት "ለአንቲ" የሚለውን ብቻ ነው። ለእሷ ልትሠራላት!

ነገርኳት። ዘይቱን አግይ፣ ሽንኩርቱን ጨምሪ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ጨው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ እንደሚቁላላ ግን አልነገርኳትም። ረስቼ አይደለም። የወጡ ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው፣ እንዲበላሽባትም ፈለግሁ። በገዛ ልጄ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ልደውልላት ስልኩን አነሳሁ። ሁለቴም አስቀመጥኩት።

ዓርብ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት።

"አንቲ በጣም ወደደችው፣ ሁለቴ ነው የበላችው" አለች። ቀጥላም "ማሚ፣ ግን የሽንኩርቱን ነገር ተሳስተሻል። ዘይቱ በኋላ ነው የሚገባው።"

ማን ነገረሽ አልኳት።

"ማንም። ሽንኩርቱ ድስቱን ይዞ ሲጨስ ያ የቤታችን ስሞክ አላርም ይጮህ አልነበር? ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ የማራግበው እኔ አይደለሁ? አላርሙ ዝም ሲል አንቺ ዘይት ትጨምሪያለሽ። ኤቭሪ ታይም።"

ከወንበሩ ላይ ሆና ድስቴን ስታይ ኖራለች ለካ። እኔ ደግሞ ምንም አልተማረችም ብዬ ስንገበገብ።

"ታውቂዋለሽ እኮ፣ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። ረሳሁት ልል አፌን ከፍቼ፣ "ቀናሁ" አልኳት።

"በማን?"

"በአንቲሽ።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና "ማሚ..." አለች። ከጀርባዋ መጥበሻው ይንጫጫል። ሴትዮዋ በስሟ ስትጠራት ሰማሁ። አንዴ፣ ሁለቴ።

"ዌይት አንቲ፣ አይም ቶኪንግ ቱ ማይ ማም" አለቻት።

ከእናቴ ጋር እያወራሁ ነው ብላ አስጠበቀቻት! ከዚያ በኋላ ብዙ አወራን። የመመለሻ ትኬቷን ቀይራው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሥራ ሃያ ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ።