ለጀማሪ የምትሆን መኪና

ውድ ጋሼ፣

ስለ ጤንነትህ አልጠይቅም። አንተ ቢያስነጥስህ እንኳ ዘመድ ሁሉ ይሰማል። ይህን የምጽፍልህ ለአጎታችን የነገርከው ወሬ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ስለደረሰ ነው። «ሽማግሌውን የመኪና ውድድር ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ አንዷን ቢያቃጥላትም» ብለሃል አሉ። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን ታቋርጠኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም።

አንተ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ስላልነበርክ ከዚያ ልጀምር። አባባ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ትንሽ ቆይቶም ደገመው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ አይጨብጡም» አለው። አባባ አልተከራከረም። መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣና ማንም ሳይጠይቀው ጠረጴዛው ላይ ወደ ሐኪሙ ገፋ አደረገለት። ከዚያ በኋላ ሥራው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ ማርሽ መቀየር ሆነ። «ሁለተኛ አስገባ እንጂ፣ አንተ!» ይላል፤ ግራ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል።

አንድ ቀን ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ካለው ሜዳ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሄደ። ትልልቅ ሰዎች ክንድ የሚያህሉ መኪኖችን በሪሞት እየነዱ ይሽቀዳደማሉ። ባትሪ አይደለም፤ የራሱ ነዳጅ ያለው፣ የሚጮኽና የሚያጨስ ሞተር ነው። ሲመለስ ሸሚዙ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። «ይሄን ነገር ለትልቅ ሰውም ይሸጣሉ?» አለኝ። መንጃ ፈቃዱን ከሰጠ ወዲህ አንድ ነገር ፈልጎ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

አንተም ሰማህና ከች አልክ፤ ሁለታችንንም ይዘህ እነዚያ መኪኖች የሚሸጡበት ሱቅ ገባህ።

ባለሱቁ መካከለኛ የሆነች፣ ለአፈር ሜዳ የተሠራች መኪና አወጣ። «ለጀማሪ ይቺ ትሻላለች፣ አባቴ። ስትሰበርብዎትም መለዋወጫዋ እዚሁ አለ።»

«ምን ጀማሪ ጀማሪ ትላለህ?» አልከው። «የምገዛው እኔ ነኝ።»

«የሚነዳውስ?»

«ያቺን ትልቋን አውርድ። መብረቅ የተሳለባትን።»

ለማውረድ መሰላል አስፈለገ። ፍጥነቷን ከካርቶኑ ላይ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ አነበብክ። አባባ ቀስ ብሎ «ብሬኳስ?» ሲልህ ሳቅክ። «አባባ ደግሞ! ብሬክ የሚያስብ ሰው ይወዳደራል?» አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ለኖረ ሰው የብሬክን ጥቅም አንተ አስተማርከው። እኔ አፍሬ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ሜዳው ላይ የሆነውንም ላስታውስህ፤ ታሪኩን ስለለወጥከው። አዲስ ሞተር እንደተገዛ አይጋለብም። መጀመሪያ ነዳጅ በዛ ተደርጎለት፣ እያጨሰ፣ በዝግታ ይለማመዳል። ይህን የተወዳዳሪዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ያ ካንዴላ የሚሉት ሰውዬ፣ አንድ በአንድ ነገረህ። አባባ ራሱን ነቀነቀ፤ አዲስ አውቶቡስንም እንዲያው በዝግታ ነበር የሚያለማምዳት። ሪሞቱ ግን አንተ እጅ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ጭስ ምንድን ነው? ያስጠላል» ብለህ ነዳጅ የምትመጥነዋን ብሎን አጠበቅካት።

«ኧረ ተው ወንድሜ፣ ነዳጅ ያንሰውና ሞተሩ ይደርቅብሃል!» አለ ካንዴላ።

«መኪና ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

ጭሱ ጠፋ። መኪናዋ እየጮኸች ተፈተለከች፤ አንተም እሷን ትተህ ማን ማን እንደሚያይህ ዞር ዞር ብለህ አየህ። ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ ሞተሩ ግሎ ተቃጠለና ቀጥ አለ። አባባ ሪሞቱን አንድ ጊዜ እንኳ አልጨበጠም። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደቆመ ነበር።

ቤት ስንደርስ አጎታችን «እህ፣ እንዴት ሆነ?» አለ። አንተ ጫማህን እየፈታህ፣ ቀና እንኳ ሳትል «አባባ አቃጠላት። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ይደረግ» አልክ። አባባ መጀመሪያ አንተን አየ፣ ከዚያ እጆቹን። «አዎ፣ ቸኮልኩ» አለ። ልጄ ዋሸ ከሚል እጄ ከዳኝ ማለት ቀለለው።

አንተ በማግስቱ ውሸትህን ረስተህ ወደ ሥራህ ሄድክ። እሱ ግን አመነው። ሻይ ስቀዳለት «ግማሽ አድርጊው፣ እደፋዋለሁ» ማለት ጀመረ። ቁልፍ አልከፍትም አለ። ጢሙን እኔ እንድላጨው ጠየቀኝ፣ ጋሼ። እኒያ እጆች ደፍተው አያውቁም፤ ተንቀጥቅጠውም አያውቁም። የአንተን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተሸክመው ነው የደከሙት።

«ሌላ መኪና እንግዛ» አልኩት።

«አንዷን አቃጥዬ?»

«አንተ አላቃጠልካትም።»

«ታዲያ ማን ይሁን?» አለኝና አፈጠጠብኝ። ስምህን እንዳልጠራ እየለመነኝ ነበር። አልጠራሁም።

ያቺን ባለ መብረቅ ሬሳህን ለመለዋወጫ የሚወስዳት ሰው እንፈልግ ብዬ ነው ሱቁ ድረስ ያወጣሁት። እዚያ ሲደርስ ስለ ፍጥነት አንድ ቃል አልጠየቀም። «እዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው የሚነዳው የቷን ነው?» አለ።

«ያቺኑ ያሳየሁዎትን መካከለኛዋን።»

«በል እሷን ስጠኝ። ስትሰበርብኝ ብሎን የምለምነው ሰው አላጣም።»

መኪና የሚመረጠው እንዲህ ነው፣ ጋሼ። መሰላል አላስፈለገም።

ከዚያ ሜዳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያለማምዳት ጀመር። ነዳጅ ይሞላል፣ በዝግታ ያዞራታል፣ እስክትበርድ ይጠብቃል፣ እንደገና ይሞላል። መኪናዋ እንደ ማድቤት ስታጨስ ሌሎቹ ይሳለቁበታል።

«አባት፣ ትንኝ እያባረሩ ነው?»

«ተሳፋሪ እስኪሞላ ነው» ይላል፣ ዓይኑን ከመኪናዋ ሳይነቅል።

ባለፈው ቅዳሜ ተወዳደረ። አላሸነፈም፤ አንተን ደስ ካሰኘህ ሦስት ሰዎች ቀድመውታል። ነገር ግን አንድ ሹል መታጠፊያ ላይ ፈጣኖቹ እየተገለበጡ ሲቀሩ እሱ ብሬክ ይዞ፣ ዞሮ፣ ነዳጅ ሰጥቶ ያልፍ ነበር። ሲያበቃ ያን ቀን ያልነበረ፣ ወሬውን ብቻ የሰማ አንዱ ትከሻውን መታ አደረገና «አባት፣ ያቺን ትልቋን ያቃጠሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ምን ተገኘ?» አለው።

አባባ ሪሞቱን ለእኔ ሰጠኝና መዳፎቹን በመሐረቡ ጠረገ። «ያቺን እኔ አልነዳኋትም» አለ። የፌርማታ ስም እንደሚጠራ ሰው፣ ሳይጮኽ፣ ሁሉም እየሰማው። «የነዳት ልጄ ነው።»

የሳቀ ሰው የለም። ካንዴላ ብቻ «እኛማ አይተናል» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እንግዲህ የሚመጣው ቅዳሜ መጥተህ ቪዲዮ እንደምትቀርጸው፣ «አነዳድም ትንሽ አሳየዋለሁ» ብለህ መልእክት ልከሃል። እኔ ብሆን አትምጣ እልህ ነበር። ስልኩን ይዤ አባባ ጋ ሄድኩና አነበብኩለት። የፊት ጎማዋን እያጠበቀ ነበር፤ ጨርሶ፣ በጣቱ አሽከርክሮ አያትና መልስ ሰጠኝ።

«ይምጣ» አለ። «እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይምጣ።»

እህትህ