ጸበል በጨው ውሃ ላይ

ይድረስ ለወንድሜ ለእንድርያስ፣

አንተ ስትደውል ከእናትህ አስቀድመህ ዓሣዎችህን ብትጠይቅም፣ እኔ ግን ያንተን ጤንነት አስቀድማለሁ። እኛ ልደታ ማርያም ትመስገን፣ ደህና ነን።

ዱባይ ስትሄድ አደራ ያልከን የጨው ውሃ አኳሪየም ግን ደህና አይደለም። ኮራሎቹ፣ እነዚያ ድንጋይ የሚመስሉ የባሕር ፍጥረቶችህ፣ ትንሽ ገርጥተው ነበር። እማዬ "ታመዋል" ብላ ከልደታ በጀሪካን ያመጣችውን ጸበል ገለበጠችባቸው። አሁን ነጭ አጥንት ሆነው ቀርተዋል። ጨው የሌለው ውሃ እንደሚገድላቸው እኮ ከአንተ ሰምታ እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት!

የዓሣዎቹን ምግብ እማዬ ደጋግማ እንዳትሰጣቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። አብልታቸው ዘወር ከማለቷ "ምነው ጦማቸውን ዋሉ?" ብላ ትቆጣኛለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስም ጎረቤታችን ነስሪን እጇን ይዛ ነው የምታመጣልኝ፤ መንገዱ ስለተቆፈረ ነው።

የተረፈችው አንዷ ብርቱካናማ ዓሣ ብቻ ናት። ትናንት እማዬ መስታወቱን ተደግፋ ስታያት ቆየችና "የማን ናት?" አለችኝ።

"የልጅሽ ናት" አልኳት።

"የትኛው ልጄ?"

ከአንተ ሌላ ወንድ ልጅ የላትም። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን መልሴን ትጠብቅ ነበር።

ልደታ በዓይነ ሥጋ ታገናኘን። ስትደውል ስለ ውሃው ጨው እንዳትጠይቀኝ። ስልኩን ለእማዬ እሰጣታለሁ፤ አንተ መጀመሪያ ስምህን ንገራት።

እህትህ መቅዲ