ዓለም ገና መንገድ ላይ ለቀረው ለገመቹ

ገመቹዬ፣

ስትሄድ ልጃችን ሲፈን ጡት አልተወችም ነበር። አሁን ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ የወለቁት የፊት ጥርሶቿም በቅለዋል። ያለ አንተ የኖርኩትን ጊዜ የምለካው በእሷ ነው።

መሥሪያ ቤትህ የሰጠን ቤት ለሌላ ባለሙያ ተሰጥቷል። እኛ ሰበታ ውስጥ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። መብራት አሁንም ይጠፋል። ብትኖር ለምን እንደጠፋ ራቱ እስኪቀዘቅዝ ታስረዳን ነበር።

እናትህ አሉ፣ እዚያው ዓለም ገና። የከብቶቻቸው ግጦሽ በግንብ ታጥሯል፤ ውስጡ ግን እስከ ዛሬ የተሠራ ነገር የለም፣ ሣሩ ብቻ አድጎ በግንቡ ላይ ይታያል። ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ዛሬም በጣሪያቸው ላይ አልፎ ወደ ፋብሪካዎቹ ይሄዳል። እሳቸው ዛሬም ኩበት ያነዳሉ። ኢኮኖሚክስ የተማርከው በዚያ መስመር ምክንያት እንደሆነ ስንተዋወቅ ነግረኸኛል። "ሽቦው ላያችን ላይ እያለፈ እኛ ለምን ጨለማ ውስጥ እንደምንቀመጥ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ" አልከኝ። እኔ ከሆሳዕና የመጣሁ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ስለ ሽቦ እያወራ ሴት የሚያጫውት ወንድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የኢነርጂና የአየር ንብረት ፖሊሲ ባለሙያ ሆንክ። የመብራት ታሪፍ ስታሰላ ትውላለህ፤ ገጠር ቤት መብራት ሲገባ ምን ያህል ጫካ ከመጥረቢያ እንደሚተርፍ ለባለሥልጣን ታስረዳለህ። ውጭ አገር ለስብሰባ ስትላክ እናትህ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ከፈረንጆች ጋር ስለ ዝናብ ሊነጋገር ሄደ" ይሉ ነበር።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። ዋና ከተማው ሊሰፋ ነው ተባለ፤ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ ተነሣ። አንተም ስብሰባ ላይ እጅህን አወጣህ። "ገበሬውን ሥራ ሳትሰጡት ካነሣችሁት ከሰል ያከስላል። የመናገሻን ጫካ ከመጥረቢያው ማን ሊያስጥል ነው? በወረቀት የቀነስነው ጭስ በጓሮ ተመልሶ ይመጣል" አልካቸው። ኃላፊህ "አንተ የተቀጠርከው ለኢነርጂ ነው፤ መሬት እኛን አይመለከትም" አለህ። አጠገቡ የነበረው ሰው ደግሞ ፈገግ ብሎ "ወገኖቹ ናቸው፣ አትፍረዱበት" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስብሰባ የሚላከው ሌላ ሰው ሆነ። ያንተን ጥናት ይዞ ነበር የሚሄደው።

በዚያው ሰሞን የአጎትህ ልጅ ሠርግ ላይ ተገኘን። አንድ ሽማግሌ እጅህን ይዘው፣ "ኦቦ ገመቹ፣ ካርታችሁ ላይ የኔ ጎጆ አለች ወይስ ጠፍታለች?" አሉህ። "አባቴ፣ እኔ እኮ የመብራት ሰው ነኝ" ብትላቸው ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ስንመለስ መኪና ውስጥ "መሥሪያ ቤት የእነዚህ ነኝ፣ እዚህ የእነዚያ" አልከኝ።

መንገዱ በተቃውሞ የተዘጋ ጠዋት እናትህ ታመሙ ተባለ። ሐኪም ቤት ላድርሳቸው ብለህ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተነሣህ። "የመንግሥት ታርጋውን አይተው ይጎዱሃል፣ ቅር" አልኩህ። "የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ" አልከኝ።

እውነትህን ነበር፤ አወቁህ። ይህን የነገረችኝ ዓለም ገና መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ጫልቱ ናት። ወጣቶቹ መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ነበር። ወርደህ "ኢልመ ኬሰኒ፣ ልጃችሁ ነኝ፤ እናቴ ታማብኛለች" አልካቸው። አንዱ "የኦቦ ዳባ ልጅ ነው፣ አሳልፉት" አለ። ድንጋዩን ማንሣት ጀመሩ፤ አንተም ጎንበስ ብለህ አብረሃቸው ታነሣ ነበር። መሣሪያ የያዙት የመንግሥት ሰዎች በጭነት መኪና የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ልጆቹ ሮጡ። አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህና አልሮጥክም። መታወቂያህን ልታወጣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተትክ።

"እጁን ሳያወጣ ወደቀ" አለችኝ ጫልቱ።

እናትህን የያዛቸው ጉንፋን ነበር። በሳምንቱ ሳይታከሙ ለቀቃቸው። "ለጉንፋን ልጄን አስበላሁ" ይላሉ፤ ሌላ ወሬ የላቸውም።

አስከሬንህን ያጠብነው እኔና አጎትህ ነን። ሁለት የጥይት ቀዳዳ ነበረው። ለቅሶው ላይ ግን ከመሥሪያ ቤትህ የመጣው የአበባ ጉንጉን "በሁከት ፈጣሪዎች በድንጋይ ተደብድቦ ለተሰዋው ባልደረባችን" ይላል። ማንበብ የማይችሉት እናትህ አበባውን አቅፈው አለቀሱ። ማንበብ የሚችሉት ያገርህ ሰዎች አንድ በአንድ ከድንኳኑ ወጡ። ኃላፊህ ካሜራ አስይዞ መጥቶ "ለልጅሽ ስትይ ሁለት ቃል ተናገሪ" አለኝ። "ጥይት ነው የገደለው ልበል?" አልኩት። ካሜራቸውን ሰብስበው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ልቀቁ ተባልን።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤትህ አንድ አዳራሽ በስምህ ሰየመ። ሲፈንን ይዤ ሄድኩ። ኃላፊህ ንግግር አደረገ፤ የመናገሻን ጫካና የከሰሉን ነገር አንሥቶ ያንኑ ያንተን ቃል የራሱ አድርጎ ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሲፈን ከፎቶህ ሥር የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበች፤ ያው የድንጋዩ ውሸት ነው፣ አሁን በነሐስ ተቀርጾ። ቤት ስንደርስ "ከእንግዲህ አያቴ ጋ አልሄድም። አባዬን የገደሉት የእሷ ሰፈር ሰዎች ናቸው" አለችኝ።

ቅዳሜ ወደ ዓለም ገና ወሰድኳት። ጫልቱ የሻይ ሥራዋን ለሰው አደራ ሰጥታ ከመንገዱ ዳር አቆመቻትና ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። ለልጅ ይከብዳል ብዬ መሐል ልገባ ስል ሲፈን እጄን ገፋችኝ። ሰምታ ስትጨርስ፣

"ታዲያ ሰዎቹ ለምን አጨበጨቡ?" አለችኝ።

"ስለማያውቁ።"

"ያ የተናገረው ሰውዬስ?"

"እሱ ያውቃል" አልኳት።

ከዚያ ራሷ ከፊቴ ቀድማ ወደ አያቷ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።

ገመቹዬ፣ ስምህን በር ላይ ስለለጠፉት እኔ ልረሳው የምችል መስሏቸው ይሆናል። በሕይወት እስካለሁ ማን ገደለው ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። እኔ ባልኖር ደግሞ ልጅህን ይጠይቋት።

ባለቤትህ ምሕረት