ሳልልህ የቀረሁት «እግዜር ይማርህ»

አባዬ፣ አፈሩ ይቅለልህ። አንተ ከተለየኸኝ ሰሊጥ ሁለቴ ታጨደ።

ዶካ ያለው ቤታችን ጭር ብሏል። ደጅ ያለው ራኩባ፣ የሣር ዳሳችን፣ ዘሞ ጥላው ለጎረቤት ሆኗል። የገመድ አልጋህን ግድግዳ አስደግፌ አቁሜዋለሁ፤ ተዘርግቶ ባዶውን ሳየው አልችልም። የሰፈሩ ሰው «ያ ዱክቱራ»፣ አንቺ ሐኪም፣ እያለ የታመመች ፍየሉን ያመጣል፤ ሲሻላት ይዟት ይሄዳል፣ እኔም ብቻዬን እቀራለሁ። እራት ዛሬም ለሁለት ነው የምሠራው። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

የዱር አውሬ ሐኪም እሆናለሁ ስልህ የሳቅከው ትዝ ይለኛል። ባሱንዳ ላይ እርሻ ስትጠብቅ አህያህን ጅብ በልቶብህ ነበርና፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል» እያልክ በራስህ ትቀልድ ነበር። «ልጄ ያንን ሌባ ልታክምልኝ ነው» ብለህ ለሰው ሁሉ አወራህ። ኩራትህ ግን ከፊትህ ያስታውቅ ነበር።

ጦርነቱ እኛን ተማሪዎቹን ከካርቱም ካባረረን ወዲህ የምለማመደው ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ፣ የተጎዱ የዱር እንስሳት በሚታከሙበት ግቢ ነው። ባለፈው ወር የመጣችው በሽተኛ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ጅብ! ወጥመድ እግሯን ቆርጧት። መምህሩ በማደንዘዣ አስተኛትና ዓይኗን ሸፈነ። እንዲህ የተኛ አውሬ ድምፅ ሊያነቃው ስለሚችል ማናችንም ትንፍሽ እንዳንል አስጠነቀቀን። እኔ እጄን ደረቷ ላይ ሳሳርፍ ግን «እግዜር ይማርሽ» የሚል ከአፌ አመለጠኝ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ጆሮዋ ቆመ፣ እግሯ ተወራጨ፣ ሁላችንም ወደ ኋላ ዘለልን። መምህሩ ተቆጥቶ አስወጣኝ።

ምን ላድርግ? በሽተኛ ፊት ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው ብለህ ያሳደግከኝ አንተ ነህ። አንተ ስትታመም ግን አልነበርኩም። ታሟል ሲሉኝ ፈተናዬን ልጨርስ ብዬ አንድ ቀን ቆየሁ። አንድ ቀን! ለእግዜር ይማርህ ሳልደርስ ለነፍስ ይማር ደረስኩ። ያን ዕለት አጥር ሥር ተቀምጬ ያለቀስኩት በመምህሩ ቁጣ አልነበረም።

ትናንት የጅቧ ቁስል እንዲታይ ዳግመኛ ስትተኛ መምህሩ ጠራኝ። አፌን ገጥሜ እጄን ደረቷ ላይ አኖርኩ። በሆዴ ግን «እግዜር ይማርህ» አልኩ፣ አባዬ፤ ላንተ ነው ያልኩት። ከእንግዲህም እጄ ያረፈበት በሽተኛ ሁሉ ላይ፣ መርፌ ከማንሳቴ በፊት፣ ያንተን እላለሁ። አልረሳህም።

ጅቧ እየዳነች ነው። አህያህን የበላችው እሷም ብትሆን ይቅር በላት። እኔንም።