ባንተ በኩል የተሰጣው ጌሾ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞልቶ አለፈ። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ በእህትህ ቤት አሰብን። ልጽፍልህ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ፤ ግን ዛሬም ብቻዬን በላሁ፣ ዛሬም ብቻዬን ተኛሁ ተብሎ ደብዳቤ አይጻፍም። አሁን የምነግርህ ነገር አለኝ። ስለ ጌሾህ ነው።

ቤቱ እንደተውከው ነው። የላይኛው ጎረቤት አሁንም በሩን ይወረውረዋል። ሰላም አርብ አርብ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፣ ፍሪጁን ቼክ ታደርጋለች፣ "ማሚ፣ ይሄን እኮ ባለፈው ሳምንት ነው ያመጣሁልሽ!" ብላ ትቆጣኛለች። ወንበርህን ከመስኮቱ አንስታ ጥግ አስጠግታው ነበር፤ ስትሄድ ወደ ቦታው መለስኩት። ልጅህ ደግ ናት። ግን እሷ ከሄደች በኋላ ያለው ጸጥታ ከመምጣቷ በፊት ከነበረው ይብሳል።

በብርዱ ጊዜ ተክልህ የሞተ መሰለኝ። ሐረጉ ደርቆ ወደቀ፣ ከመሬት በላይ ምንም አልቀረም። አንተ በየዓመቱ እስከ መሬት ቆርጠህ ስትተወው አይ ነበር፤ ግን ልብ ብዬ አላየሁም። እሱንም ሳላኖርልህ ቀረሁ ብዬ ቁጭ አልኩ። ብርዱ ሲለቅ ጫፋቸው ወይን ጠጅ የሆነ ቡቃያዎች አፈሩን ሰንጥቀው ወጡ። ያን ቀን ላይብረሪ ሄጄ ያንን የድሮውን የአትክልት መጽሐፍ እንደገና ተዋስኩ።

መጽሐፉን ታስታውሰዋለህ? ከአገር ቤት ያመጣኸው ጌሾ ውርጭ መትቶት ሲሞት ጊዜ፣ እንግሊዞች ቢራቸው ውስጥ የሚጨምሩት ሆፕ የሚባል አለ ብለው የሥራ ጓደኞችህ ነገሩህ። በፖስታ መጣ። እርጥብ ወረቀት ስትፈታ የወጣው የሥር ቁራጭ ነበር፤ ጣት የሚያህል፣ ሕይወት ያለው የማይመስል። "ይሄ ማገዶ ነው ወይስ ተክል?" አልኩህ። "የፈረንጅ ጌሾ ነው፣ ታያለሽ" አልከኝ። አጋድመህ፣ ብዙም ሳታጠልቅ ቀበርከው፤ እውነትም በቀለ።

ከዚያ እንደ አገራችን ጌሾ ቅጠሉንና ግንዱን ለቃቅመህ፣ አድርቀህ፣ ወቅጠህ ጠመቅክበት። ጓደኞችህ መጡ። አንዱ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብሎ፣ "ታዴ፣ ጠላ ነው ሣር ያቀረብክልን?" አለህ። ሌላው ደግሞ፣ "ሚስቱ ጴንጤ ብትሆንበት ጊዜ ራሱ ጠማቂ ሆነ፣ ምን ያድርግ ወገኔ!" አለ። ከሁሉም በላይ የሳቅከው አንተ ነበርክ። እኔ ማንበብን ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለመድኩ፣ እንግሊዝኛውንም ከሕፃናት መደርደሪያ ጀምሬ ቃል በቃል የለቀምኩ ሴት፣ ያንን መጽሐፍ አገላብጬ ለጠመቃ የሚሆነው ቅጠሉ ሳይሆን አበባው እንደሆነ አገኘሁ። አልነገርኩህም። ገጹን ከፍቼ ሳህንህ አጠገብ አስቀመጥኩት። አነበብክ፣ ቀና ብለህ አየኸኝ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ድምፅ "ጌታ ይባርክሽ፣ እህቴ" አልከኝ። ያን ቀን ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ቤት ውስጥ ግን አላስጠምቅህም አልኩ። "ወይ እኔ ወይ ይሄ ሽታ።" አልተከራከርክም። ባልዲህን ይዘህ ጓሮ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ሼድ ገባህ፤ በየዓመቱ፣ በብርዱም፣ ኮትህን ደርበህ። ሐኪሙ በሽታህ ከብርድ የመጣ እንዳልሆነ ደጋግሞ ነግሮኛል። ሰምቼዋለሁ። ሼዱን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ግን ሐኪም የሚያስታግሰው አይደለም።

ዘንድሮ ሁሉንም ብቻዬን ሠራሁ። ከቡቃያዎቹ ጠንካሮቹን መርጬ ሌሎቹን ቆረጥኩ። ከልብስ ማስጫው ምሰሶ እስከ መስኮቱ አናት ገመድ ወጠርኩላቸው። መጀመሪያ ወደማይወዱት አቅጣጫ ጠመጠምኳቸው መሰለኝ፣ በማግስቱ ሁሉም ተፈተው መሬት ወድቀው አገኘኋቸው። ሐረጉ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ እንደሚዞር መጽሐፉ ነገረኝ። በሙቀቱ ወራት ማለቂያ ግድግዳው ሙሉ አረንጓዴ ሆነ። አበባው ስትነካው እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፣ ስትከፍተው ውስጡ ቢጫ ዱቄት ሲኖረው ደረሰ ማለት ነው። የወጥ ቤቱን መሰላል አውጥቼ ለቀምኩት። እጄ በሙጫው ቀኑን ሙሉ ሲጣበቅ ዋለ።

የት ላድርቀው? ሼዱ ይረጥባል፤ ባይረጥብም ወደዚያ አልወስደውም ነበር። አልጋው ላይ አሮጌ አንሶላ ዘርግቼ ባንተ በኩል አሰጣሁት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ ባዶ ቦታ ስለሆነ ነው። ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ፣ ታዴ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። መጽሐፉ ይህ አበባ እንቅልፍ ያመጣል፣ ትራስ ውስጥ የሚጨምሩትም አሉ ይላል። ይሆናል። እኔ ግን የሸተተኝ አንተ ነህ። ከሼድ ስትመለስ ኮትህ ላይ፣ ጸጉርህ ላይ የነበረው፣ አፍንጫዬን ይዤ ወደ ሻወር የምልክበት ያ ሽታ።

ሰላም መጥታ በሩን ስትከፍት፣ "ማሚ! ቤቱ እኮ ፐብ ፐብ ሸተተ!" ብላ ሳቀች፤ መኝታ ቤቱን ስታይ ግን ጫማዋን አውልቃ በቀስታ ገባች። አበባው ከደረቀ በኋላም አላነሳሁትም። ጠዋት ጠዋት በእጄ አገላብጠው ነበር።

እንዲህ እያለሁ ነው እህትህ እትዬ አስካለ ከሰቨን ሲስተርስ ሰፈራቸው ትልቅ ከረጢት ይዘው የመጡት። "የወንድሜ ሙት ዓመት በገዛ ጌሾው ይጠመቅ። ያለውን ሁሉ ስጭኝ፣ ሰዉ ብዙ ነው" አሉኝ።

"ትንሽ ለኔ ላስቀር" አልኩ።

"አንቺ? ምን ልትሠሪበት?"

መኝታ ቤት አስገባኋቸው። እሳቸው አልጋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፊታቸው ተለወጠ። "በቁሙ ከነሽታው ጓሮ ስታስወጪው የኖርሽ፣ ዛሬ ሲሞት ነው የምታቅፊው?" አሉኝ። ታውቃቸዋለህ፣ አፋቸው ይቀድማል። ሐሰት ግን አልተናገሩም። የአንሶላውን አራት ጫፍ ሰብስቤ ሁሉንም ከረጢታቸው ውስጥ ገለበጥኩት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ መስኮቱን ዘግቼ ለማቆየት ሞከርኩ። ሽታው ግን ሄደ። እንቅልፌም አብሮ።

እሑድ ዕለት ሄድኩ። እንዳልሄድ አስቤ ነበር። ጓደኞችህ ሁሉ ነበሩ። ጠላው ተቀዳ። ያ ሣር ብሎ የቀለደብህ ሰው አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና አንገቱን ደፍቶ "ልክ የታዴ" አለ። ሌሎቹም ቀመሱ፣ "የታዴ ነው፣ የራሱ" እያሉ ተያዩ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያንተ ይሁን አይሁን መለየት የማልችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስንት ዓመት ካንተ ጋር ኖሬ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ጣዕም እኔ አላውቀውም።

ብርጭቆውን አንስቼ ከንፈሬ ላይ አደረስኩት። እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ክንዴን ያዙኝ። "ተይው፣ የኔ ልጅ። እሱ ያላስገደደሽን እኔ አላስገድድሽም" አሉኝ በቀስታ። ብርጭቆውን ተቀብለው ውሃ ሰጡኝ። እውነትም አንተ ስትለምነኝ ያልጠጣሁትን፣ አንተ በማታይበት ብጠጣው ለማን ነው?

በር ድረስ ሸኙኝ። የተናገሩትን አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁባቸውም። "ከሥሩ ትሰጭኛለሽ?" ብቻ አሉ። በረንዳቸው ላይ ትልቅ ገንቦ አለ፤ ፀሐይ ያገኛል። እሰጣቸዋለሁ። ቡቃያው ሳይነቃ ዙሪያውን ቆፍሬ፣ ዓይን ያለውን ሥር ቆርጬ፣ አንተ እንዳደረግከው አጋድሜ እተክልላቸዋለሁ። የሳቸው ሲደርስ ለጠላው ይሁን። የኔን ግን ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀኝም።

ታዴዬ፣ ጣዕሙን የቀመሱት ያስታውሱልህ። እኔ የማላውቀውን አስታውሳለሁ ብዬ አልዋሽህም። የማውቀውን ግን በየዓመቱ ከመሬት አውጥቼ፣ ገመድ ላይ ጠምጥሜ፣ ለቅሜ፣ ባንተ በኩል አሰጣዋለሁ። ቤቱ ይሽተት። በሩን አልዘጋበትም።

ያንተው እልፌ