ከሁለቱም ዲስክ የጠፋው ሰርግ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ሰባተኛ ሰፈር ያለው ቪዲዮ ስቱዲዮዬ ገብቼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ አንድ ፎልደር አጠፋሁ። ከሰዓት ሳጣራ ለካ የደንበኛዬ የእትዬ ዘምዘም ልጅ ሰርግ ቪዲዮ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ላይ ባክአፕ አለ ብዬ ብዙም አልደነገጥኩም። ስከፍተው እዚያም የለም።

አብነት ሰፈር ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ለሰለሞን ደወልኩ።

«ሁለቱ ዲስኮችህ እኮ እንደ መስታወት ናቸው» አለኝ። «አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያድንሃል። አንተ ስታጠፋ ግን ከሁለቱም ይጠፋል። ባክአፕ ማለት ተነቅሎ ለብቻው የሚቀመጠው ነው። በል ምንም ሳትጭንበት አምጣው፤ ሌላ ከተጫነበት የጠፋው አይመለስም።»

እኔ ደግሞ ረፋዱን ሙሉ አዲስ ቪዲዮ ስጭንበት ነበር።

ዲስኩን እየነቀልኩ ሳለ እትዬ ዘምዘም ገቡ። ባለቤታቸው ከሰርጉ በኋላ ወደ አኼራ ሄደዋል።

«ሰርጉ ላይ ዱዓ ያደረገበትን ብቻ ቆርጠህ ስጠኝ ልጄ። ድምፁ ሌላ ቦታ የለኝም» አሉኝ።

«እሺ እትዬ፣ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። መርቀውኝ ወጡ።

ዲስኩን ለሰለሞን አደረስኩ። ነገ እሞክራለሁ አለ እንጂ ተስፋ አልሰጠኝም። ለእሳቸው የምነግራቸውን ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ ተለማመድኩ። ከመጀመሪያው ቃል ማለፍ አልቻልኩም።