ከሣጥኑ ፊት በቀኝ በኩል

ካሪግዱቭ፣ ዶኔጋል
በቅድስት ብሪጂድ በዓል ማግስት፣ 2016

ለምወድህ ልጄ ለኮናል፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ነፋሱ የዶሮዎቹን ቤት ክዳን ገንጥሎ የጎረቤታችን የፓደር ሩዋ ማሳ ላይ ጣለው። እሱም ተሸክሞ አመጣልኝና «ናብላ፣ ቤትሽን በቁራጭ በቁራጭ ልታወርሺኝ ነው?» አለኝ። ትናንት እንደ ልማዳችን ከቄጠማ መስቀል ሠርቼ በሩ ላይ ሰቀልኩ። አንድ ደግሞ ለጀልባው ቤት ሠራሁ። ጀልባ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ከጨረስኩት በኋላ ነው።

ደብዳቤ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ይህን ከሰኞ ጀምሬ ነው የምጽፈው። ቃሉ ሲጠፋኝ ተነሥቼ እሳቱን ቆስቁሼ እመለሳለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ካሃል ነው። እዚያ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ያሉት ፖሊሶች ደጋግመው ቢደውሉልህ ስልኩን እንዳላነሣህ ሳጅን ላቬል ነገረኝ። «ምናልባት ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለኝ፤ ለእኔ አዝኖ ነው። እኔም አዎ፣ ሥራ ይበዛበታል አልኩት። ልቆጣህ አይደለም።

ወሬው ተቆራርጦ ደርሶህ እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ባለፈው መስከረም ከባሕሩ ማዶ፣ ከስኮትላንድ ደሴቶች በአንዱ፣ ከውሻዋ ጋር ዳርቻውን ይዛ የምትሄድ ሴት የሰው የጭን አጥንት አገኘች። ልብስ የለ፣ ጫማ የለ። የወጣት ወንድ ነው አሉ። አሁን ደብሊን ውስጥ ቁጥር ተለጥፎበት ተቀምጧል። ካሃል ወንድምህ ከጠፋ ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ ከጀልባዋ ስባሪ በቀር ምንም አላገኘንለትም።

ሳጅኑ ሊነግረኝ ሲመጣ ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። አጥንቱ የማን እንደሆነ ከዘመዱ ምራቅ እንደሚታወቅ ከሰው ሰምቼ ነበርና፣ ገና ሳይጨርስ ብርጭቆ አንሥቼ «እዚህ ላይ ልትፋልህ?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ወይዘሮ ናብላ፣ የእርስዎ አይሆንም» አለኝ።

«እንዴት አይሆንም? እናቱ ነኝ።»

«እሱንማ ማን ያጣዋል። ግን የወለደችው…» ብሎ ተወው።

ረስቼው ነበር ኮናል። በእውነት እልሃለሁ፣ ረስቼው ነበር። ወደዚህ ቤት ስመጣ ካሃል ገና በቅጡ አይናገርም ነበር፤ እናቱን የቀበረ ሕፃን እንዴት ይናገራል። ቀሚሴን ይዞ እየተጎተተ ከጓዳ ጓዳ ይከተለኝ ነበር። የመጀመሪያ ጥርሱ ሲወልቅ መዳፌ ላይ ነው ያስቀመጠልኝ። ይህ ሁሉ ግን በምራቅ ውስጥ አይታይም። የወለደችው ሴት፣ ነፍሷን ይማር፣ መነኮሳት ያሳደጓት ዘመድ አልባ ነበረች፤ አባትህም ወንድም እህት የለውም።

ሳጅኑ የአባትህ የአጎት ልጅ የሆነ አንድ ወንድ ለጊዜው ይበቃል አለ። ቄሱ ግን ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩትና እንደ አባትህ ማክጊንሊ የሚባል ወንድ ሁሉ አዳራሹን ሞላው። ሸለቆው ሙሉ ማክጊንሊ አይደል። ሞሪስ እንኳ በክራንቹ መጣ። ምራቅ በበዛ ቁጥር ካሃል የሚቀርብ መስሏቸው ነው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ውጤቱን ልታስረዳን ከደብሊን አንዲት ልጅ መጣች። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚሄድ ምልክት አለ፣ ሴት ልጅ አትወርሰውም፣ ለልጇም አታወርሰውም አለችን። ከኋላ ሻይ ስትቀዳ የነበረችው ሳይቭ «እኛ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስንሠራ ኖርን?» አለችና ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። የወንዶቹ ሁሉ ምልክት አንድ ሆኖ ተገኘ። ይህን ዳርቻ የሞላ ምልክት ነው፤ ሰዎች ከሺህ ዓመት በፊት ከነበረ ንጉሥ ጋር ያያይዙታል አለች። ፓደር ሩዋ «የንጉሥ ዘር ከሆንኩ ጣሪያዬ ለምን ያፈሳል?» አለ። ሞሪስም «እኔን የሚገርመኝ ንጉሡ ሌላ ሥራ አልነበረውም ወይ?» አለ። እኔም ሳቅሁ። ከተሳቀ ቆይቶ ነበር።

ከዚያ ልጅቷ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አጥንቱም ያው ምልክት አለው። ከእናንተ ወገን ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን በዚህ አይለይም፣ ከዚህ ዳርቻ ባሕር የወሰዳቸው ብዙ ናቸው አለችኝ። የሚለየው የቅርብ ሰው ነው፣ ከአንድ አባት የተወለደ ወንድም ካለ ይበቃል አለች።

ዝቅ ብላ ብትናገርም አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሁሉም አቀርቅሮ ሻይውን አየ።

ለምን ስልኩን እንደማታነሣ አልገባኝም አልልህም። አባትህ የተቀበረ ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ሣጥኑን ከፊት የሚይዙት ወንዶች ልጆች ናቸው፤ አንተም ሄደህ ከፊት በቀኝ በኩል ቆምክ። ካሃል ከማለዳ ጀምሮ ሲጠጣ ነበር። «ከፊት የሚሸከመው ደሙ የሆነ ነው» አለህ። አንተም ወደ ኋላ ሄደህ ተሸከምክ። ወሩ ሳይሞላ አውስትራሊያ ነበርክ።

እሱ ደግሞ ከዚያ በኋላ በጀልባዋ ውስጥ ያንተ መቀመጫ ላይ ሰው አስቀምጦ አያውቅም። ሰው ቢቀጥር ባሕሩ ባልበላው ነበር፤ ብቻውን ይወጣ ነበር። ደውልለት ስለው «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም እማ፣ ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ» ይለኝ ነበር። ሊነግርህ የፈለገውን አላውቅም። ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እጽፍልህ ነበር።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፣ እሱን ልንገርህ። አንተ ከመወለድህ በፊት የነበረውን ዓመት ሙሉ አባትህ ስኮትላንድ ዋሻ ሲቆፍር ከርሞ ለገና ነው የተመለሰው። በየካቲት ተጋባን። አንተ በሰኔ ተወለድክ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። ክርስትና በተነሣህ ማግስት አባትህ በኮቱ ጠቅልሎ ወደ ወደቡ ይዞህ ወረደ። ወንዶቹ ሁሉ መረብ ሲጠግኑ ነበር። እዚህ ሁሉም ማክጊንሊ ስለሆነ ሰው የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ እየሳቀ «ታዲያ ይሄኛው ማን ሊባል ነው?» አለ። አባትህ ጮኾ የሚናገር ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን ጀልባ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ «ኮናል ሁዲ ሚኪ» አለ። አያትህ ሚኪ ከተቀመጠበት ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ። ሰውዬው መርፌውን አንሥቶ መረቡን መስፋት ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንት ለሳጅን ላቬል ደወልኩ። ልጄን መጠበቅ ተዉ፣ የአባቱን መቃብር ክፈቱ አልኩት። አንድ ጥርስ ይበቃል ይላሉ። ቄሱ መጥተው ሊያግባቡኝ ሞከሩ፣ ልጁን ትንሽ ታገሺው አሉኝ። አልታገሥም አልኳቸው። ከዚያ መቃብሩ ድረስ ወጥቼ ለአባትህ ነገርኩት። ከእንቅልፉ መቀስቀስ እንዴት እንደሚጠላ ታውቃለህ። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ዝናብ ስለጀመረ ብዙም አልቆየሁም።

ስለዚህ ልጄ፣ ፖሊሶቹ ቢደውሉም ዝም በላቸው። ምራቅህን ለማንም አትስጥ። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅህም።

ካሃል ባይሆንስ እያልኩ ነው የምውለው። ያኔ አባትህን በከንቱ ቀስቅሼዋለሁ፣ አጥንቱም የሌላ ሴት ልጅ ነው፣ የእኔም እዚያው ባሕር ውስጥ ነው። ለየትኛው መጸለይ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ለሁለቱም እጸልያለሁ። ማድረግ የምችለው ይህን ብቻ ነው።

እሱ ከሆነ ግን ከፋሲካ በፊት እንቀብረዋለን። ሣጥን ሠሪው ትንሽ ሣጥን ይበቃል፣ አንድ ሰው በብብቱ ይይዘዋል አለኝ። እምቢ አልኩ። ሙሉ ሣጥን፣ ስድስት ሰው የሚሸከመው፣ ለቁመቱ የሚበቃው ይሁን አልኩት። ከፊት በግራ ፓደር ሩዋ ይይዛል። ከፊት በቀኝ ማንም እንዳይቆም ለሁሉም ነግሬያለሁ። ካልመጣህም ቦታው ባዶውን ይሄዳል። ሣጥኑ ቀላል ስለሆነ አይወድቅም።

እግዚአብሔር ጀርባህን ከዚያ አገር ፀሐይ፣ ልብህን ከዚህ አገር ብርድ ይጠብቅልህ። የምትበላው አይጣ፣ አብሮህ የሚበላም አይጣ። የላክሁልህ ሹራብ አንገቱ ጠቦህ ከሆነ አትጣለው፣ ስትመጣ እፈታዋለሁ።

እናትህ፣
ናብላ

በፖስታው ላይ ስምህን እንደዚህ አገር ሰው ኮናል ሁዲ ሚኪ ብዬ ነው የጻፍኩት። ፖስተኛው ማነው ይሄ ብሎ ከጠየቀ፣ እኔ ነኝ በለው።